አንድ ጥብቅ ሥፍራ በዓመቱ ወቅቶች፦ ለቅዳሜና እሁድ ወፍ ተመልካች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ወፍ ለማየት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ልሂድ?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የት እመላለሳለሁ?» የሚለው ነው። የሳምንቱን አምስት ቀን በሥራ ወይም በትምህርት የሚያሳልፍ ሰው ለወፍ የሚተርፈው የቅዳሜና የእሁድ ማለዳ ብቻ ነው፤ እነዚያን ጥቂት ማለዳዎች በየጊዜው ወደ ተለያየ ሩቅ ቦታ በመጓዝ ከጨረሳቸው፣ ብዙ ወፍ አይቶ ጥቂት ያውቃል። ቅርብ ያለውን አንድ ጥብቅ ሥፍራ መርጦ ዓመቱን ሙሉ የተመላለሰ ሰው ግን የትኛው ወፍ ነዋሪ፣ የትኛው ለወራት የሚሰነብት እንግዳ፣ የትኛው ደግሞ ለአንድ ሌሊት ብቻ ያረፈ መንገደኛ እንደ ሆነ ለይቶ ለመናገር ይበቃል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ለዚህ ዓይነቱ ምልልስ የታሰበ ነው።

ሥፍራውን መምረጥና ማጥናት

የሚመርጡት ሥፍራ ከቤትዎ ከአንድ ሰዓት መንገድ ባይርቅ ይሻላል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ለመድረስ ሌሊቱን ግማሽ የሚያስጉዝ ቦታ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ የሚመለሱበት አይሆንም። ሁለተኛው መመዘኛ የመኖሪያ ዓይነቶች መደባለቅ ነው። ውኃ፣ ሸምበቆ፣ ክፍት ሣር፣ ጥሻና ረዣዥም ዛፍ በአንድ የእግር መንገድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ፣ አንድ ወጥ ከሆነ ሰፊ ደን ይልቅ ብዙ ዓይነት ወፍ ያሳያል፤ ሁለት ዓይነት መሬት የሚጋጠምበት ዳርቻ ምግቡም መሸሸጊያውም ጎን ለጎን የሚገኝበት በመሆኑ ወፎች ያዘወትሩታል። በአቅራቢያዎ ረግረጋማ ሥፍራ ካለ ቅድሚያ ይስጡት። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1971 በኢራን ከተማ ራምሳር የተፈረመው ስምምነት በዓለም ዙሪያ ከ2,400 የሚበልጡ ረግረጋማ ሥፍራዎችን በዓለም አቀፍ ጠቀሜታቸው መዝግቧል፤ ሆኖም የእርስዎ ኩሬ በመዝገቡ ላይ ባይኖርም ወፎቹ ያንን አይጠይቁም።

በመጀመሪያው ጉብኝት ወፍ ፍለጋ አይጨነቁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደው መንገዱን ብቻ ያጥኑ፦ በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ መግባት የተከለከሉትን ክፍሎች፣ የመመልከቻ ዳሶቹ የሚገኙበትን ቦታና ውኃው ከየት በኩል እንደሚታይ በእጅ በተሣለ ቀላል ካርታ ላይ ያስፍሩ። በካርታው ላይ የፀሐይን አቅጣጫ ማመልከት አይርሱ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ እያዩ የሚሄዱ ከሆነ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንብዎታል፤ ፀሐይን ከጀርባ አድርገው ወደ ምዕራብ የሚያዩበትን መንገድ ለማለዳ፣ የተገላቢጦሹን ለከሰዓት በኋላ ይመድቡ። የመንገዱ ርዝመት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ከሆነ በቂ ነው፤ ይህንኑ በዝግታ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይሂዱ። አንዱን ወር ከሌላው ወር ማነጻጸር የሚቻለው ይህ ከተጠበቀ ብቻ ነው።

መነጽሩን መምረጥ፣ ማስተካከልና መልመድ

በአጉልቶ ማያ መነጽር ላይ «8 በ42» ወይም «10 በ42» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር መነጽሩ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደ ሆነ ያመለክታል። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ሲያካፍሉ ወደ ዓይንዎ የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ፤ ለ8 በ42 መነጽር 5.25 ሚሊ ሜትር፣ ለ10 በ42 መነጽር ደግሞ 4.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎሕ ሲቀድና ጫካ ውስጥ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ፣ ሰፋ ያለ ክብ የሚሰጠው መነጽር የጠራ ምስል ያሳያል። በተጨማሪም ማጉላቱ በበዛ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል፤ በአንድ ጊዜ የሚታየው ስፍራም ብዙውን ጊዜ ይጠብባል። ስለዚህ ለጀማሪ 8 በ42 ከሌላው ሁሉ የሚሻል መሆኑን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የዓይን መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ፣ ዓይን ከመስተዋቱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት የሚያስችል ዓይነት ይፈልጉ።

ብዙ ሰው መነጽሩን ከሣጥኑ አውጥቶ ሳያስተካክል ይጠቀምበታል፤ ከዚያም ዓይኑ ሲደክምና ራሱን ሲያመው መነጽሩን ይወቅሳል። የሚከተለው ማስተካከያ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

1. የዓይን መነጽር ካላደረጉ የዓይን ማረፊያ ጎማዎቹን ወደ ውጭ ያውጡ፤ ካደረጉ ወደ ውስጥ ይመልሱ።

2. ሁለቱን ቱቦዎች በመሐል ማጠፊያው እየከፈቱና እየዘጉ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ ያስተካክሉ።

3. የቀኙን የፊት መስተዋት በእጅዎ ሸፍነው፣ ሠላሳ ሜትር ያህል የሚርቅ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ወይም የዛፍ ቅርፊት በግራ ዓይንዎ እያዩ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ በቱቦዎቹ መካከል ያለውን የመሐሉን ጎማ ያዙሩ።

4. አሁን ግራውን ይሸፍኑ። የመሐሉን ጎማ ሳይነኩ፣ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ማስተካከያ ቀለበት ብቻ ያንኑ ነገር አጥርተው እስኪያዩ ድረስ ያዙሩ። ቀለበቱ በሌላ ቦታ የሚገኝባቸው መነጽሮችም አሉ።

5. በሁለቱም ዓይን ይመልከቱና ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት ያስታውሱ፤ ከዚህ በኋላ የሚያዞሩት የመሐሉን ጎማ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ልምምድ ነው። ወፍ ሲያዩ መነጽሩን ወደ ዓይንዎ አድርሰው ወፉን በመነጽሩ ለመፈለግ አይሞክሩ፤ ዓይንዎን ከወፉ ላይ ሳይነቅሉ፣ ራስዎንም ሳያዘነብሉ መነጽሩን በዓይንዎና በወፉ መካከል ያስገቡት። ይህን ከመስኮት ላይ ሆነው በአንድ የዛፍ ቅጠል፣ ከዚያም በሚያልፉ እርግቦች ላይ ለአንድ ሳምንት በቀን ጥቂት ደቂቃ ቢለማመዱት እጅዎ ራሱ ይማረዋል። ቅጠል በበዛበት ዛፍ ላይ ደግሞ መነጽሩን ከማንሣትዎ በፊት ምልክት ይያዙ፤ ለምሳሌ «ከተሰበረው ቅርንጫፍ በላይ፣ በስተግራ» ብለው ለራስዎ ይናገሩ። በመነጽር በፍጹም ወደ ፀሐይ አይመልከቱ፤ ለቅጽበት ያህል እንኳ የማይመለስ የዓይን ጉዳት ያደርሳል። መስተዋቱን ሲያጸዱም አቧራውን አስቀድመው በአየር ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያስወግዱ እንጂ በሸሚዝ ጫፍ አይፈትጉት፤ የአሸዋ ቅንጣት መስተዋቱን ይጭረዋል።

በሦስት እግር ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ የሚያስፈልገው ሰፊ ውኃ ላላቸው ሥፍራዎች ነው፤ በጫካ ግን ሸክም ከመሆን አያልፍም። የመጀመሪያው ዓመት ያለ እርሱ ቢያልፍ የሚቀርብዎት ነገር ጥቂት ነው።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወፎች ቀለምን ከእኛ በተሻለ ይለያሉ፤ የእኛ ዓይን ሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት የብዙዎቹ ወፎች ዓይን አራት አለው፤ ብዙዎቹም እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያያሉ። ስለዚህ ደማቅና ነጭ ልብስ ይተው፤ ከቀለሙ ይልቅ ግን ወፉን የሚያስበረግገው ድንገተኛ እንቅስቃሴና የሚንኮሻኮሽ ጨርቅ ነው።

የአንድ ማለዳ አካሄድ

ፀሐይ ከመውጣቷ ሠላሳ ደቂቃ አስቀድመው በመንገዱ መነሻ ላይ ይገኙ። ወፎች ጎሕ ሲቀድ የሚዘምሩበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ ምግብ ለመፈለግ ገና አልበቃም፣ ነፋሱ ረግቶ ስለሚገኝም ድምፁ ርቆ ይሄዳል፣ ሌሊቱን በደኅና ያለፈው ወንድ ወፍ ደግሞ «ይህ ክልል የእኔ ነው» ብሎ ለጎረቤቶቹ የሚያስታውቅበት ሰዓት ነው። በዓመት ውስጥ ከሚመጡት ማለዳዎች ሁሉ ይህ ግማሽ ሰዓት ያለፈበትን ማለዳ እንደ ጎደለ እቆጥረዋለሁ። ለቅዳሜና እሁድ ተመልካች ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥብቅ ሥፍራዎች ሰው የሚበዛባቸው በእነዚሁ ሁለት ቀናት በመሆኑ፣ ቤተሰቦችና ሯጮች ሲደርሱ እርስዎ ሥራዎን ሊጨርሱ ይገባል።

እንደ ደረሱ አይራመዱ። ቆመው አሥር ደቂቃ ያዳምጡ። ዓይንዎን ጨፍነው ስንት ዓይነት ድምፅ እንደሚሰሙ በጣትዎ ይቁጠሩ፤ የማን እንደ ሆኑ ባያውቁም ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ ሃያ ወይም ሠላሳ እርምጃ ይሂዱና ይቁሙ፤ ሁለት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይሂዱ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በፍጥነቱ ነው፤ የሚራመድ ሰው የሚያየው የሚሸሹትን ወፎች ነው፣ የቆመ ሰው የሚያየው ግን ወደ ምግባቸው የተመለሱትን ነው። የመኖሪያ ዓይነት በሚለወጥበት ዳርቻ ሁሉ ረዘም አድርገው ይቆዩ። የመመልከቻ ዳስ ሲገቡ በሩን በዝግታ ይዝጉ፣ እጅዎን በመስኮቱ አያውጡ፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃም ይቀመጡ። በመኪና የሚያልፉበት መንገድ ካለ ከመኪናው አይውረዱ፤ ወፎች ከቆመ መኪና የሚሸሹት ከሰው ከሚሸሹት ያነሰ ነው።

ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ያህል ሲሆናት ትንንሾቹ ወፎች ይረግባሉ። ያን ጊዜ ዓይንዎን ወደ ሰማይ ያንሡ። መሬቱ ሲሞቅ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ጥንብ አንሳዎች በእርሱ ላይ እየዞሩ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍ የሚሉት በዚህ ሰዓት ነው። የባሕር ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ ከመረጡ ግን ይህ የሰዓት ሥርዓት አይሠራም፤ እዚያ ሰዓቱን የሚወስነው የባሕሩ ሙላትና ጕድለት ነው። ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት አስቀድመው ይድረሱ፤ ውኃው ጭቃውን እየሸፈነ ሲመጣ ወፎቹ ወደ እርስዎ እየተገፉ ይመጣሉ።

ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ጠዋት ያባራ እንደ ሆነ በምንም ምክንያት ቤት አይቅሩ። ነፋስ ከበረታ ደግሞ ወፎቹን ነፋሱ በማይደርስበት የጥሻው ወገን ይፈልጓቸው።

ያዩትን ወፍ መለየት

በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ በእርስዎ መንገድ ላይ በአንድ ዓመት የሚያገኟቸው ግን ምናልባት አንድ መቶ ያህል ናቸው። ስለዚህ መለያ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማጥናት አይጠበቅብዎትም። ወፍ ባዩ ጊዜ መጽሐፉን ወዲያው አይግለጡ፤ ወፉ የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንድ ነው፣ መጽሐፉ ግን የትም አይሄድም። ወፉ እስኪሄድ ድረስ በሚከተለው ቅደም ተከተል ያስተውሉ።

መጠኑን አስቀድመው ከሚያውቁት ወፍ ጋር ያነጻጽሩ፤ ድንቢጥ፣ እርግብና ቁራ ጥሩ መለኪያዎች ናቸው። «ከእርግብ ያንሳል፣ ከድንቢጥ ይበልጣል» የሚለው ማስታወሻ ከሴንቲ ሜትር ግምት የታመነ ነው። ቀጥሎ ቅርጹን፣ በተለይም መንቁሩን ይዩ። አጭርና ወፍራም መንቁር ዘር ሰባሪ፣ ቀጭንና ሹል መንቁር ነፍሳት ለቃሚ፣ ቆልማማ መንቁር ሥጋ በል፣ ረጅምና ቀጭን መንቁር ደግሞ ጭቃ የሚበረብር ወፍ መሆኑን ይጠቁማል፤ በዚህ ብቻ ከመጽሐፉ አብዛኛውን ገጽ መዝለል ይቻላል። ሦስተኛው ጠባዩ ነው፦ ጅራቱን ወደ ታች ይመታል? ከግንድ ላይ እንደ ግንደ ቆርቁር ይወጣል? ከአንድ ቅርንጫፍ ተነሥቶ ነፍሳት ይዞ ወደዚያው ይመለሳል? አራተኛው ያለበት ስፍራ ነው። ቀለም የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ብርሃን ያሳስተዋል፣ ዕድሜ፣ ጾታና ወቅትም ይለውጡታል። ቀለሙን ሲያዩም «ቡናማ ነው» ብለው አይለፉ፤ ከዓይኑ በላይ መስመር፣ በክንፉ ላይ ነጭ ሰረዝ፣ በደረቱ ላይ ነጠብጣብ፣ ሲበር ከጅራቱ ሥር የሚታይ ነጭ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይፈልጉ።

ድምፅን በተመለከተ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አንድ ወፍ ብቻ ይማሩ። የማያውቁትን ድምፅ ሲሰሙ ባለቤቱን እስኪያዩት ድረስ ይከተሉት፤ በዓይን አይቶ የተማሩት ድምፅ ከጆሮ አይጠፋም። መርሊን የተባለው፣ በአሜሪካ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ማዕከል የስልክ መተግበሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም ይጠቁማል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ጥቆማው ምስክር አይደለም፤ መተግበሪያው የጠራውን ወፍ ራስዎ ሳያረጋግጡ በማስታወሻዎ ላይ አይመዝግቡ።

ወቅቶቹ

ብርድና ሙቀት በሚፈራረቁበት አገር ዓመቱ ለወፍ ተመልካች የሚጀምረው ብርዱ መልቀቅ ሲጀምር ነው። ዛፎቹ ገና ቅጠል ስላልለበሱ የሚዘምረው ወንድ በግልጽ ይታያል፤ ላባውም ከዓመቱ ሁሉ የደመቀበት ጊዜ ነው። ድምፅ ለመማር ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም፤ አስቀድመው የሚዘምሩት ነዋሪዎቹ ናቸው፣ እነርሱን ለይተው ከጨረሱ በኋላ እንግዶቹ በየሳምንቱ አንድ ሁለት እያሉ ሲጨመሩ አዲሱ ድምፅ ራሱ ይለያል። የእያንዳንዱ እንግዳ ወፍ የመጀመሪያ ቀን በጥንቃቄ ይመዝገብ።

ሙቀቱ ሲበረታ ድምፁ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰውም በዚህ ወቅት መውጣት ያቆማል። እኔ ግን እንዲወጡ እመክራለሁ፤ ጫጩቶች ከጎጆ ወጥተው ወላጆቻቸውን ምግብ ሲለምኑ የሚታዩት፣ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ የሚመስል ነጠብጣባም ወፍ ሁሉ የሚያሳስተው በዚህ ጊዜ ነው። በኩሬው ላይ ያሉት ወንድ ዳክዬዎች ደግሞ ደማቅ ላባቸውን ጥለው እንስቶቹን ይመስላሉ፤ የበረራ ላባቸውን በአንድ ጊዜ ስለሚጥሉም ከሦስት እስከ አምስት ሳምንታት መብረር አይችሉም። «ወንዶቹ የት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መንቁራቸውንና የክንፋቸውን ቀለም ይመልከት።

የጎጆ ወቅት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እኔ በጀመርኩበት ዓመት በሸምበቆ ዳር የተሠራ ጎጆ አግኝቼ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ እየተጠጋሁ አየሁት። በአራተኛው ቅዳሜ ሸምበቆው በእግሬ ተረግጦ ቀጥ ብሎ ወደ ጎጆው የሚያደርስ መንገድ ሆኖ አገኘሁት፤ እንቁላሎቹም አልነበሩም። ምን እንደ ወሰዳቸው ማወቅ አልችልም፤ መንገዱን የጠረግሁት ግን እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው ሥርዓት ይህ ነው፦ ወፍ አፉ ውስጥ ምግብ ወይም የጎጆ ማድረጊያ ሣር ይዞ ከቆመና ወደ ጥሻው ካልገባ፣ የሚጠብቀው የእኔን መሄድ ነውና ወዲያው ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ወፉ መብላቱን ካቆመ፣ አንገቱን ካሰገገ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከደጋገመ ወይም ክንፉ የተሰበረ መስሎ በመሬት ላይ ከተንፏቀቀ፣ ገደቡ ታልፏል ማለት ነው። በስልክ የተቀዳ ዘፈን አጫውቶ ወፍ መጥራት በዚህ ወቅት ፈጽሞ አይገባም፤ ወንዱ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጫጩቶቹን ሊመግብበት የሚገባውን ጊዜና ጉልበት በከንቱ ያባክናል። የጉጉት ማረፊያና የብርቅ ወፍ ጎጆ ያለበትን ቦታም ለብዙ ሰው አያሳውቁ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የመልሱ ጉዞ ይመጣል። ይህ ጉዞ ከመምጫው ይረዝማል፤ በተጓዦቹ ውስጥ የዚያው ዓመት ጫጩቶች ስለሚገኙም ቁጥሩ ይበዛል። ትንንሾቹ ወፎች በብዛት የሚጓዙት በሌሊት ነው፤ ስለዚህ ጠራ ያለ ሌሊት ተከትሎት ከማለዳ በፊት ዝናብ ከመጣ፣ ሲበሩ የነበሩት ሁሉ ባገኙት ጥሻ ይወርዳሉና ያንን ማለዳ አያሳልፉት። ትልልቆቹ ንስሮችና ሽመላዎች ግን የሚጓዙት በቀን ነው። ሞቃት አየር በሰፊ ባሕር ላይ በበቂ ስለማይነሣ ሽመላዎች ባሕሩን እየሸሹ እንደ ቦስፎረስና ጂብራልታር ባሉ ጠባብ የባሕር መተላለፊያዎች ይሰበሰባሉ፤ በእርስዎም ሥፍራ ተራራ ወይም ረጅም ሸንተረር ካለ በእኩለ ቀን በዚያ ላይ ይቀመጡ።

ወፎች የት እንደሚሄዱ ሰው ያወቀው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በጀርመን ክሉትስ በተባለ ቦታ አንድ ሽመላ አንገቱ ላይ ከአፍሪካ የመጣ የእንጨት ጦር ተሰክቶበት ተገኘ፤ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከዚያ በፊት ወፎች የብርዱን ወራት በጭቃ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 የዴንማርኩ መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ቁጥርና አድራሻ ያለበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። እርስዎም በመነጽርዎ ቀለበት ያሰረ ወፍ ካዩ ቀለሙን፣ የታሰረበትን እግርና የሚነበበውን ፊደል ወይም ቁጥር ጽፈው በአገርዎ ላለው የቀለበት ማዕከል ያሳውቁ። በሳተላይት በሚከታተል መሣሪያ አማካይነት የታየ አንድ ጎድዊት የተባለ ወጣት ወፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአላስካ ተነሥቶ 13,560 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት በ11 ቀን በመብረር ታዝማኒያ ደርሷል። ይህን ካሰቡ በኋላ በኩሬዎ ዳር ያረፈን ደካማ መንገደኛ ለፎቶግራፍ ብለው ሊያስነሡት አይችሉም።

በብርዱ ወቅት ዝርያው ቢያንስም የእያንዳንዱ ቁጥር ይበዛል። የውኃ ወፎች በረዶ ባልሠራው ኩሬ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ትንንሾቹ የጫካ ወፎች ደግሞ የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ መንጋ ሆነው ይዞራሉ፤ ረጅም ጸጥታ ከቆየ በኋላ ድንገት ዛፉ በወፍ ይሞላል። ይህን መንጋ ካገኙ አይለፉት፤ እያንዳንዱን ወፍ አንድ በአንድ ይዩ። ትንሽ ወፍ በአንድ የብርድ ሌሊት የክብደቱን እስከ 10 በመቶ ሊያጣ ይችላልና፣ በአጭሩ ቀን የሚበላበትን ጊዜ እንዳይነፈግ ከወትሮው የበለጠ ይራቁ።

ዝናብና ደረቅ ወቅት በሚፈራረቁበት አገር ደግሞ የዓመቱን መልክ የሚያወጣው ውኃው ነው። ዝናቡ ሲገባ ሣሩና ነፍሳቱ ስለሚበዙ ብዙዎቹ ነዋሪ ወፎች እንቁላል ጥለው ጫጩት የሚያሳድጉት ያን ጊዜ ነው፤ ጎጆአቸውን ከሣር የሚጎነጉኑት ሸማኔ ወፎች፣ በሌላው ጊዜ ድንቢጥ የሚመስሉት ወንዶች፣ ደማቅ ቢጫ ለብሰው ይታያሉ። መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ከመውጣትዎ በፊት አማራጭ አጭር መንገድ ያዘጋጁ። በደረቁ ወቅት ኩሬው ሲጠብ ወፉ ሁሉ ወደ ቀረው ውኃ ይሰበሰባል፤ በዚህ ጊዜ መዞሩን ትተው በአንድ ቦታ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይበልጣል። ከሰሜኑ ብርድ የሚሸሹት እንግዶችም በብዛት የሚደርሱት ለእነዚህ አገሮች ነው፤ ደማቅ ላባቸውን ጥለው ስለሚመጡ በመጽሐፉ ውስጥ የጋብቻ ወቅት ያልሆነውን ሥዕል ይመልከቱ።

መቁጠርና መመዝገብ

ማስታወሻው ላይ ቀኑ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ነፋሱና ሰማዩ፣ የተሄደው ርቀት፣ ከዚያም ያዩት እያንዳንዱ ዝርያና ቁጥሩ ይጻፍ። ብርቁን ብቻ መዝግቦ ድንቢጥና ቁራን መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ዛሬ ተራ የመሰለ ወፍ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢጠፋ፣ መጥፋቱን የሚያስረዳው ዛሬ የተጻፈው ቁጥር ነው። አሜሪካዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ፍራንክ ቻፕማን ወፍ ከማደን ይልቅ መቁጠር ይሻላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1900 ለቆጠራው የወጡት 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ያ ቆጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል።

ትልቅ መንጋ ሲያገኙ አሥሩን ወፎች አንድ በአንድ ይቁጠሩና የያዙትን ስፋት በዓይንዎ ይያዙት፤ ከዚያ ያንን ስፋት በመንጋው ላይ እየደጋገሙ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያሉ ይሂዱ። መንጋው በሺህ የሚቆጠር ከሆነ በመቶ ይለኩ። ግምት ከሆነ ግምት መሆኑን ይጻፉ፤ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ወፍም «ያልተለየ ጭልፊት» ብለው መተው ነውር የለበትም፣ እንዲያውም ለሌሎቹ መዝገቦችዎ ተአማኒነት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ኢበርድ የተባለ የኢንተርኔት የወፍ መዝገብ ላይ ዝርዝርዎን ካስገቡ፣ ያዩትን ሁሉ መመዝገብዎን የሚጠይቀውን መስመር በትክክል ይመልሱ፤ ሙሉ ዝርዝር አንድ ወፍ አለመኖሩንም ስለሚያስረዳ ከጎደለው ይልቅ ለተመራማሪ ይጠቅማል። ሁለት ቀኖችም አስቀድመው ይያዙ፤ የዓለም የስደተኛ አእዋፍ ቀን የሚውለው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በግንቦትና በጥቅምት ሁለተኛ ቅዳሜ ላይ ነው። የውኃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በጥር ወር የሚካሄድ በመሆኑ፣ ሥፍራዎ ኩሬ ካለው ጠባቂዎቹን ጠይቀው ሊሳተፉ ይችላሉ።

ዓመቱ ሲሞላ ማስታወሻዎቹን ሰብስበው አንድ ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ ወደ ታች የዝርያዎቹን ስም፣ ወደ ጎን 52ቱን ሳምንታት ያስፍሩ፣ ወፉ በታየበት ሳምንት ሁሉ ቁጥሩን ይጻፉ። ነዋሪዎቹ ረጅም ያልተቋረጠ መስመር፣ እንግዶቹ በመካከል ያለ ቁራጭ፣ መንገደኞቹ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታይ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። በዝናብ፣ በሕመም ወይም በሥራ ምክንያት ያልሄዱባቸው ሳምንታትም ከላይ እስከ ታች ባዶ ሆነው ይታያሉ። ከእነዚያ መካከል በፍልሰት ወራት ላይ የዋሉትን ለይተው ያውጡና በሚቀጥለው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ላይ ቅዳሜዎቹን አሁኑኑ ያክብቡ።